ተከራይም ቅሬ ይግባ

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

እንደምን ሰነበታችሁ? በቅርቡ በጋዜጣችሁ ስለ ውስጣዊ መረጋጋት የወጣውን ጽሑፍ አነበብኩት። ከስፌት ቤቴ አጠገብ ያለው ባለሱቅ ጋዜጣ ይገዛል፤ እሱ ሲጨርስ ለእኔ ያቀብለኛል። ጸሐፊው በማለዳ መነሳትን፣ ቀስ ብሎ መተንፈስን፣ ስልክ ዘግቶ ለብቻ መቀመጥን መክረዋል። የጎደለውን ትታችሁ የሞላውን ቁጠሩ ብለዋል።

ምክሩን አልጠላሁትም። እኔም ሱብሂ ሰግጄ ትንሽ ቁጭ ስል ልቤ ረጋ ይላል። ግን ጽሑፉን ጨርሼ ሳጥፈው ከነከነኝ። መረጋጋት ከሰው ውስጥ ብቻ የሚፈልቅ ተደርጎ ተጽፏል። እኔ በኖርኩት ኑሮ አብዛኛው የሚመጣው ከደጅ ነው። የሚመጣው ወር የት እንደምታድሪ ስታውቂ ትረጋጊያለሽ። ብትታመሚ ማን በርሽን እንደሚያንኳኳ ስታውቂ ትረጋጊያለሽ። ብትሞቺ ማን እንደሚቀብርሽ ስታውቂም እንደዚሁ። ስለዚህ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ቅሬ ልጽፍላችሁ ተነሳሁ። ሌላው አገር ዕድር የሚለውን እኛ ወሎዎች ቅሬ እንለዋለን። ኪራይና ቅሬን ምን አገናኛቸው የሚል አንባቢ ትንሽ ይታገሰኝ።

እኔ የተሁለደሬ ልጅ ነኝ። ሐይቅ ከተማ ተማርኩ። ዐሥረኛ ክፍል ላይ ውጤት ሳይመጣልኝ ሲቀር፣ እንደ ብዙ የወሎ ሴት ልጅ ዓረብ አገር ሄድኩ። በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ፈቃድ የሌለውን ሠራተኛ ስታስወጣ ከመቶ ሺህ በላይ ኢትዮጵያውያን ወደ አገራችን ተመለስን። ያን ጊዜ አየር ማረፊያ ላይ የነበረውን የሴት ልቅሶ ያየ ሰው አይረሳውም። ለቤተሰብ ብር ትልክ የነበረች ልጅ አንዲት ሻንጣ ይዛ፣ ወይ እሷንም ሳትይዝ ትመለሳለች። ቤት ስትደርስ የሚጠብቃት ዓይን አለ። ስለዚያ ብዙ ስለተባለ እዚህ አልደግመውም።

ደሴ ገብቼ ልብስ ስፌት ተማርኩ። የኮምቦልቻ ኢንዱስትሪ ፓርክ በ2009 ዓ.ም. ሐምሌ ላይ ተመርቆ ነበር። እኔም ቆይቼ እዚያ ካሉት ፋብሪካዎች አንዱ ውስጥ ተቀጠርኩ። ማለዳ በሰርቪስ የሐረጎን ቁልቁለት እንወርዳለን። ደሴ ላይ ጉም ለብሰን ተነስተን ኮምቦልቻ ስንደርስ ፎጣችንን እናወልቃለን። ሥራው በላይን ነው። አንዷ እጅጌ ትሰፋለች፣ አንዷ ኪስ ትለጥፋለች፣ እኔ አንገትጌ ላይ ነበርኩ። ቀኑን ሙሉ አንገትጌ። ታርጌት አለ፤ ካልሞላሽ ሱፐርቫይዘሯ አናትሽ ላይ ትቆማለች። ደመወዙ ትንሽ ነው፤ ከኪራይና ከምግብ ተርፎ ለቤተሰብ የሚላክ አልነበረም። ነገር ግን የሚከፈልበት ቀን ይታወቃል። ያን ቀን ይዤ ዕቁብ ገባሁ፤ በዕቁቡም በእግር የሚረገጥ አሮጌ ሲንጀር የስፌት መኪና ገዛሁ። ዛሬ የሚያበላኝ ያ መኪና ነው።

ከዚያ የ2014 ዓ.ም. ጥቅምት መጣ። ጦርነቱ በወሩ ሁለተኛ አጋማሽ ደሴና ኮምቦልቻ ገባ። ከተሞቹ እንደገና በመንግሥት እጅ የገቡት ኅዳር ማለቂያ ላይ ነው። በእነዚያ ሳምንታት ስለሆነው ነገር ደሴ ላይ እያንዳንዱ ቤት የራሱ ታሪክ አለው፤ የእኔ ከሌላው አይበልጥም። ፋብሪካው ተዘርፎ አገኘነው። ይጠገናል ብለን ስንጠብቅ ደግሞ ታኅሣሥ 23 ቀን 2014 ዓ.ም. አሜሪካ ኢትዮጵያን ከአጎዋ አስወጣች። እኛ የምንሰፋው ልብስ ያለ ቀረጥ አሜሪካ መግባቱ ቀረ። «እንጠራችኋለን» ተባልን። የተጠሩ አሉ። እኔ አልተጠራሁም።

ይህን የምነግራችሁ ለማሳዘን አይደለም። ሥራ ማጣት፣ መሰደድ፣ ጦርነት፣ ሁሉም ከባድ ናቸው። ግን ሁሉም ሲመጡ ሰው ያውቃቸዋል። ሰው ይጠይቅሻል፣ «አብሽሪ» ይልሻል፣ እህል ያካፍልሻል። ማንም አብሽሪ የማይልሽ፣ ድምፅ የሌለው ችግር ሌላ ነው። እኔን ከጦርነቱ ይልቅ እንቅልፍ የነሳኝ እሱ ነው። ተከራይነት።

ደሴ ላይ ከሰኞ ገበያ ብዙም ሳልርቅ ነው የምኖረው። አንድ ግቢ ውስጥ በርከት ያሉ ክፍሎች አሉ፤ ሽንት ቤቱ አንድ ነው፣ የውሃ ቆጣሪውም አንድ። ውሃ በፈረቃ ስትመጣ ጀሪካን እንሰልፋለን። ይህ አያስጨንቅም፤ እንዲያውም ወዳጅነት የሚጀመረው እዚያ ሰልፍ ላይ ነው። የሚያስጨንቀው የግቢው በር ነው። ወሩ 25 ካለ በኋላ የብረቱ በር በተንኳኳ ቁጥር ልቤ ይመታል። ጤና ጣቢያ ሄጄ ተመርምሬ ነበር። ደም ግፊቴን ለኩ፣ ደሜን አዩ። «ምንም የለብሽም፣ ጭንቀት ቀንሺ» ተባልኩ። እሺ፣ ግን ጭንቀቱ ቀን ቆጥሮ የሚመጣ ነው። ወር በገባ በሳምንቱ ልቤ ደህና ነው፤ ልክ 25 ሲል ይነሳብኛል። እንዲህ ያለውን ጭንቀት በመተንፈስ ብቻ እንዴት አድርጌ ልቀንሰው?

አከራይ ሲያስወጣሽ የሚለው ነገር ብዙ ጊዜ ይመሳሰላል። ቤቱን ልናድሰው ነው። ልጃችን ከውጭ ልትመጣ ነው። ወይም በቀጥታ፣ ሁሉም ነገር ጨምሯል። የመጨረሻው እውነት ነው። በ2016 ዓ.ም. ሐምሌ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተወሰነ ወዲህ፣ ክሩም ዚፑም ጨርቁም ከውጭ የሚመጣ በመሆኑ በእኔም ላይ ጨምሯል። አከራዮችን ለመክሰስ አይደለም የምጽፈው። እኔ የማውቃቸው አብዛኞቹ ባለጸጋ አይደሉም። ባሏ የሞተባት፣ ከጡረታዋ ላይ በሁለት ክፍል ኪራይ የምትኖር ሴት ናት አከራዬ። ዘይትና ጤፍ ሲወደድባት የምትጨምረው እኔ ላይ ነው፤ ሌላ ምን አላት? ሁለታችንም ከእጅ ወደ አፍ ነን። ልዩነቱ እሷ በራሷ ቤት ሆና ነው የምትጨነቀው።

ሰፈር መቀየር ዕቃ መጫን ብቻ ይመስላል። ባጃጅ ተጠርቶ ፍራሽ፣ ምጣድ፣ መኪናዬ ይጫናል፤ በግማሽ ቀን አለቀ። የሚቀረው ግን ብዙ ነው። ልብስ ሰፊ የምትኖረው በቦታዋ ነው። ቀሚስ ልታሳጥር የሰጠችሽ ደንበኛ ተመልሳ ስትመጣ በሩ ተዘግቶ ታገኛለች። አንዳንዷ ደውላ ትፈልግሻለች፤ ብዙዋ ሌላ ሰፊ ትፈልጋለች። ቡና የምትጠራሽ ጎረቤት ትቀራለች። በዱቤ ስኳር የሚሰጥሽ ሱቅ ይቀራል። ልጅ ያላት ደግሞ ትምህርት ቤት ልታዘዋውር ደጅ ትጠናለች። ቀበሌ ስትሄጂ የቤት ቁጥርና የአከራይ ምስክርነት አምጪ ትባያለሽ፤ እኔን ብለውኛል። ከሁሉም በላይ ከቅሬ ትወጫለሽ።

ቅሬ እንዴት እንደሚሠራ የማያውቅ ወጣት ስለሚኖር በአጭሩ ልናገር። አባል በየወሩ ያዋጣል። በተዋጣው ድንኳን፣ አግዳሚ ወንበር፣ ድስት፣ ሰሃን ይገዛል። ሰው ሲሞት ጥሩምባ ይነፋል። ወንዱ መቃብር ይቆፍራል፣ ድንኳን ይተክላል፤ ሴቷ ውሃ ትቀዳለች፣ ንፍሮ ትቀቅላለች። የቀረ ይቀጣል። እኛ ሰፈር ያለው ቅሬ የሙስሊምም የክርስቲያንም ነው። ዳኛው ክርስቲያን ናቸው። የወሩ ስብሰባ ሲከፈት ሼሁ ዱአ ያደርጋሉ፣ ሁላችንም አሜን እንላለን። ሰደቃም ሆነ ተዝካር ሲሆን የሙስሊሙ ለብቻ የክርስቲያኑ ለብቻ ይታረዳል፤ ማዕዱ ሲቀርብ ግን ድንኳኑ አንድ ነው። ይህ ለወሎ ሰው ወሬ አይሆንም፤ የኖርንበት ነው።

አዲስ አባል ሲገባ መግቢያ ይከፍላል። ምክንያቱ ግልጽ ነው። ነባሮቹ ለዓመታት አዋጥተው ያፈሩት ድንኳንና ዕቃ አለ፤ አዲሱም ድርሻውን ማምጣት አለበት። ፍትሐዊ ነው። ነገር ግን ቅሬው እያረጀና ዕቃው እየበዛ በሄደ ቁጥር መግቢያውም ከፍ ይላል። ቤት ያለው ሰው በዕድሜው አንዴ ይከፍለዋል። ተከራይ ሰፈር በቀየረ ቁጥር እንደገና መክፈል አለበት፤ የድሮውን ማንም አይመልስለትም። ስለዚህ ብዙው ተከራይ ይተወዋል። «ክፉ ቀን ሲመጣ አላህ ያውቃል» ይላል። እኔም ሰፈር ስለቅ ከነበርኩበት ወጥቼ ያለ ቅሬ ተቀምጬ ነበር።

አሁን ስለ እማ ልንገራችሁ። ስማቸውን አልጠቅስም፤ ግቢው ውስጥ ሁላችንም እማ ነበር የምንላቸው።

እማ የወሎ ሰው ናቸው። በ1977ቱ ድርቅ ልጅ አዝለው ከባላቸው ጋር በሰፈራ ወደ ወለጋ ተወሰዱ። እዚያ ቤት ሠሩ፣ ቡና ተከሉ፣ ወለዱ፣ ባላቸውን ቀበሩ። በስተርጅና ደግሞ ወለጋ ውስጥ በደረሰው ግድያና መፈናቀል ከልጅ ልጃቸው ጋር ሸሽተው ወደ ተወለዱበት አገር ተመለሱ። ሐይቅ አካባቢ ባሉት የተፈናቃይ መጠለያዎች የተቀመጡት ብዙዎቹ እንዲህ ያለ ታሪክ አላቸው። አያቶቻቸው ከዚሁ ምድር ሄደዋል፤ የአያቶቻቸው መሬት ግን ዛሬ ሌላ ሰው ያርሰዋል። እማም መጠለያ ቆይተው፣ የልጅ ልጃቸው ደሴ ምግብ ቤት ሥራ ስታገኝ ከእኔ ጎን ያለችውን ክፍል ተከራዩ።

ከበሩ ሥር ፀሐይ ላይ ቁጭ ብለው ስፌቴን ያዩ ነበር። አንድ ቀን እንዲህ አሉኝ። «እታለም፣ እዚያ የወሎ ሰፋሪ ነበርኩ። እዚህ የወለጋ ተፈናቃይ ሆንኩ። የማን ነኝ?» ክሩን እየበጠስኩ «የእኛ ነዎት» አልኳቸው። ሳቁ። ደግ ነበሩ፤ እኔን ደስ እንዲለኝ ብለው እንደሳቁ ገብቶኛል።

የሞቱት ሌሊት ነው። ሱብሂ ሳይደርስ ልጅቷ በሬን መታች። «እማ አታናግረኝም» አለች። ገብቼ አየሁ። እጃቸው ቀዝቅዟል። ዓይናቸውን ጨፈንኩና አከራያችንን ቀሰቀስናት። ነጠላዋን ጣል አድርጋ መጣች፣ አለቀሰች። ከዚያ የጠየቀችው የመጀመሪያ ነገር ይህ ነው። «የየትኛው ቅሬ ናችሁ?»

ልጅቷ እኔን አየችኝ። እኔ መሬቱን አየሁ። የየትኛውም አይደለንም።

እንዲህ ያለ ጊዜ አለ። ሬሳ ቤት ውስጥ አለ፤ በእኛ ሥርዓት ሳይውል ሳያድር ይቀበራል። መቃብር ማን ይቆፍር? ከፈን በምን ይገዛ? ልጅቷ ከምግብ ቤቱ የምታገኘው የወር ደመወዝ ገና አልደረሰም። አጎት አላት፤ እሱ ግን መጠለያ ነው። ዕድሜዋ ገና ሃያ አልሞላም። ግድግዳውን ተደግፋ ቆማ «ምን ላድርግ፣ ምን ላድርግ» ትላለች። የመንፈስ መረጋጋት ምክር ለዚያች ልጅ በዚያች ሰዓት ምን ይላታል? ይህን የምጠይቀው ጸሐፊውን ለማሳጣት አይደለም። መልሱን እኔም ስለፈለግሁት ነው።

ከግቢያችን ፊት ለፊት የሚኖሩ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር አሉ። ጋሼ ነው የምንላቸው። ልቅሶውን ሰምተው ጋቢያቸውን ለብሰው ወጡ። ነገሩን ስንነግራቸው ምንም አልመለሱም፤ በቀጥታ ወደ ቅሬው ዳኛ ሄዱ። እኔም ተከትዬ ሄድኩ። ዳኛው ክፉ ሰው አይደሉም። ግን ደንብ አለ። ከዚህ በፊት አባል ላልሆነ ሰው ድንኳን ወጥቶ፣ ያ ቤተሰብ በሌላው ለቅሶ ድርሽ ሳይል ቀርቶ፣ አባላቱ ተቆጥተው የጻፉት ደንብ ነው። «ዕቃው የአባል ነው፣ እኔ ብቻዬን ምን ላድርግ?» አሉ። እውነታቸውን ነው።

ጋሼ እንዲህ አሏቸው። «እኔ አባል ነኝ?» «ነዎት።» «እንግዲያስ የእኔ እንግዳ ናት የሞተችው። ለቅሶው የእኔ ነው። ጥሩምባው ይነፋ።» ዳኛው ትንሽ ዝም ብለው አዩዋቸው። ከዚያ ደብተሩን አወጡና በጋሼ ስም ጻፉ።

ጥሩምባው ሲነፋ ገና አልነጋም ነበር። ጋሼ ክርስቲያን ናቸው። ከእሳቸው ቤት ሰው የሞተ መስሎት የመጣው ክርስቲያን ብዙ ነው፤ ነገሩን ሲሰማ ግን አንድም የተመለሰ የለም። ዶማ ይዞ ከሙስሊሞቹ ጋር ወደ መቃብሩ ሄደ። ሴቶቹ እማን አጠቡ። የከፈኑን ብር አንዲት ባለሱቅ ቻለች። ድንኳኑ ግቢው ስለማይበቃው መንገዱ ላይ ተተከለ። ከዙሁር በፊት ተቀበሩ። ሦስት ቀን ልጅቷ ፍራሽ ላይ ተቀመጠች፤ ሰው ሲገባ ሲወጣ ዋለ። የማታውቃቸው ሴቶች አጠገቧ አደሩ። በሦስተኛው ቀን «ይህን ያህል ሰው አለኝ እንዴ?» አለችኝ። ከመጣች ጊዜ ጀምሮ እንደዚያ ቀን ቀና ብላ ስትናገር ሰምቻት አላውቅም።

ለቅሶው እንዳለፈ ጋሼ ነገሩን ወርሃዊው ስብሰባ ላይ አነሱት። ክርክሩ ረጅም ነበር። «ተከራይ ዛሬ አለ ነገ የለም፣ ከፍሎ ይጠፋል» ያሉ ነበሩ። አንዲት እናት ተነስተው «የሚጠፋው እኮ እኛ ስላላስገባነው ነው» አሉ። በመጨረሻ ተስማሙ። ተከራይ መግቢያውን ባንዴ ሳይሆን ከወር መዋጮው ጋር ከፋፍሎ ይከፍላል። ከፍሎ ሳይጨርስ ችግር ቢደርስበትም እንደ አባል ይቆጠራል። ደሴ ውስጥ ሌላ ሰፈር ቢዛወር፣ ለቅሶ መድረስ እስከቻለ ድረስ አባልነቱ አይነካም። ሩቅ ከሄደ ደግሞ ስንት እንደከፈለ የሚገልጽ ደብዳቤ ይጻፍለታል፤ የሚቀበለው ቅሬ ቢያስብለት። ይህ የመጨረሻው ገና በእምነት ላይ የቆመ ነው። ሌሎች ቅሬዎች ካልተቀበሉት ደብዳቤው ወረቀት ብቻ ነው።

እኔም ልጅቷም ገባን። ከገባሁ በኋላ ምን እንደተለወጠ በትክክል ልንገራችሁ፤ ይህን ነው ለጸሐፊው በተለይ ማድረስ የምፈልገው። ገቢዬ በቅሬ አልጨመረም፣ ኪራዩም አልቀነሰም። ግን ሰፈሩ በስሜ ያውቀኛል። መንገድ ላይ ሰላም የሚለኝ ሰው በዛ። የቅሬው ሴቶች የልጆቻቸውን ዩኒፎርም ወደ እኔ ማምጣት ጀመሩ። አንድ ጊዜ ታምሜ መኪናዬ ላይ ሳልቀመጥ ስውል፣ በሁለተኛው ቀን ሁለት ሴቶች አጥሚት ይዘው መጡ። አከራዬ ኪራይ ልትጨምር ስትነሳ ደግሞ እንደ ድሮው ዕቃዬን ስለ መሸከፍ አላሰብኩም። ጋሼና ዳኛው ቡና ላይ ቁጭ ብለው አነጋገሩን። የእሷም ችግር ተሰማ፣ የእኔም ተሰማ። ጭማሪው በሁለት ተከፍሎ ግማሹ አሁን፣ ግማሹ ከመስከረም በኋላ እንዲሆን ተስማማን። እሷም ተከራይ ፍለጋ ከመንከራተት ተረፈች። ያንን ውል ማንም አልፈረመበትም፤ የሰፈሩ ሰው ስለሚያውቀው ግን ሁለታችንም እናከብረዋለን።

እንቅልፌ ተመልሷል። 25 ሲል ልቤ አሁንም ትንሽ ይነሳል፤ ሙሉ በሙሉ ተወኝ ብዬ አልዋሽም። በሩ ሲንኳኳ ግን አሁን የሚመጣው ኪራይ ጠያቂ ብቻ አይደለም። ልጅ ልካ «ቡና ፈልቷል ነይ» የምትልም አለች።

መኪና ላይ ጨርቅ ስትሰፊ ከመርፌው ሥር ተጭኖ የሚይዘው እግር አለ። እግሩ ካልወረደ መርፌው ጨርቁን እየጎተተ ያጨማድደዋል፤ ጨርቁ ምንም ያህል ጥሩ ቢሆን። ለእኔ ቅሬው የሆነልኝ እሱን ነው።

አንድ ነገር ግን በቅሬ ጫንቃ ላይ ብቻ መጣል የለበትም። የመኖሪያ ቤት ኪራይ ቁጥጥርና አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1320/2016 ወጥቷል። አዋጁ የኪራይ ውል ቢያንስ ለሁለት ዓመት እንዲሆን፣ ቅድመ ክፍያም ከሁለት ወር እንዳይበልጥ ይላል። ውል በጽሑፍ እንዲሆንና እንዲመዘገብም ይጠይቃል። በክልል ከተሞች የት የት እንደሚሠራበት የመወሰኑ ነገር ለክልሎች ተትቷል። እኔ በማውቃቸው ግቢዎች የጽሑፍ ውል ይዞ የሚኖር ተከራይ አላየሁም። ሁለት ዓመት ማለት ለከተማ አስተዳደር ቁጥር ነው። ለእኔ ግን አንድ ልጅ ትምህርት ቤት ሳይቀይር ሁለት ክፍል ማለፍ ነው። ደንበኞቼ ሳይጠፉኝ ሁለት መስከረም ዩኒፎርም መስፋት ነው። የደሴ፣ የኮምቦልቻ፣ የወልድያና የሌሎቹ ከተሞቻችን ኃላፊዎች ይህን ጋዜጣ የሚያነቡ ከሆነ፣ አከራዩንም ተከራዩንም ጠርተው በግልጽ ያነጋግሩን። እንደ አከራዬ ያለችው ባለ ሁለት ክፍል እንዳትጎዳ ግን እሷም ትሰማ።

ቅሬዎችን ደግሞ እንዲህ ብዬ እለምናለሁ። መግቢያን ከፋፍላችሁ ተቀበሉ። ተከራይ ከሌላ ቅሬ ደብዳቤ ይዞ ሲመጣ የከፈለውን ቁጠሩለት። ደሴ ላይ አምስትና ስድስት ቅሬዎች እንኳ እርስ በርስ ደብዳቤ ቢቀባበሉ፣ ሰፈር መቀየር አሁን የሚያስፈራውን ያህል አያስፈራም። ይህ ብር አይጠይቅም፤ የዳኞች አንድ ስብሰባ ነው የሚጠይቀው።

ከዓረብ አገር የተመለሳችሁና ከወለጋ ተፈናቅላችሁ የመጣችሁ እህቶቼ፣ ክፍል ልትከራዩ ስትሄዱ ስለ ውሃውና ስለ መብራቱ እንደምትጠይቁ ሁሉ «የዚህ ሰፈር ቅሬ ዳኛ ቤት የት ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በገባችሁ ሳምንት ሂዱ። የሰው ፊት ማየት ያስፈራል፣ አውቃለሁ። ግን ጥሩምባ ሲነፋ ቀድማችሁ ውጡ፤ ውሃ ቅዱ፣ ሽንኩርት ክተፉ። አባል ከመሆናችሁ በፊት እንኳ ሰው ያያችኋል።

ጸሐፊው ስለ መረጋጋት መጻፋቸውን እንዲቀጥሉ እሻለሁ። በሚቀጥለው ግን ከአንድ ቅሬ ዳኛና ከአንድ ተከራይ ጋር ተነጋግረው ቢጽፉ ደስ ይለኛል። ደሴ ብቅ ካሉ የእኛ ስብሰባ ወር በገባ በመጀመሪያው እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ ነው። አዲሱን ደንብ ዳኛው በእጃቸው ጽፈውታል፤ ቀድቶ መውሰድ ለሚፈልግ ሁሉ እንደሚያሳዩ ነግረውኛል።

ስሜ እንዳይወጣ እጠይቃለሁ።

አንዲት ልብስ ሰፊ፣
ከደሴ